ለደከመች እናት የተጋገረ እንጎቻ



ባልና ሚስት ሆነን በአገልግሎት ባሳለፍናቸው ዓመታት ለምክርና ለጸሎት ወደ ቤታችን ከሚመጡት ሰዎች የሚበዙት እናቶች ናቸው። ይዘውት የሚመጡት የጸሎት ርእስም ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል። አንዷ «መንፈሴ ደርቋል» ትላለች። ሌላዋ «መጽሐፍ ቅዱስ ስከፍት እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ጠላት እየታገለኝ ነው» ትላለች። ሦስተኛዋ ገና ሳትቀመጥ እንባዋ ይቀድማታል፤ «የቁጣ መንፈስ ይዞኛል፣ ጸልዩልኝ» ትላለች። እኛም ጸሎት ከመጀመራችን በፊት አንድ ተራ ጥያቄ መጠየቅ ልማዳችን ነው፦ «ትናንት ማታ ስንት ሰዓት ተኛሽ? ስንት ሰዓትስ ተነሣሽ?»

ጥያቄው አንዳንዶችን ያስገርማቸዋል። ለመንፈሳዊ ጉዳይ መጥተው ስለ እንቅልፍ ይጠየቃሉና። መልሳቸውን ስንሰማ ግን የልባቸውን ድካም ከሥጋቸው ድካም መለየት እንጀምራለን። ዛሬ ልንጽፍላችሁ የወደድነው ስለ እነዚህ እናቶች ነው። እናት ያልሆናችሁም አንብቡት። በተለይ ባሎች፣ የኅብረት መሪዎችና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች የሆናችሁ እስከ መጨረሻው አብራችሁን ቆዩ።

የእናት ቀን

አዲስ አበባ የምትኖር፣ ተቀጥራ የምትሠራ፣ የሦስት ልጆች እናት የሆነችን አንዲት እህት አስቡ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ትነሣለች። ቁርስ ትሠራለች፤ የሦስቱን ልጆች ምሳ ዕቃ ታዘጋጃለች፤ ትንሹን እንቅልፉን ሳይጨርስ ታለብሰዋለች። አንድ ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፍ ይዛለች። ቀኑን መሥሪያ ቤት ውላ ማታ እንደገና ሰልፍ ትይዛለች። በመንገዷ ሽንኩርትና ቲማቲም ገዝታ ቤት ስትደርስ ጫማዋን ሳታወልቅ መክተፍ ትጀምራለች። የልጆች የቤት ሥራ ይታያል፣ እራት ይቀርባል፣ ዕቃ ይታጠባል፣ ልብስ ይዘፈዘፋል።

እንጀራዋን ራሷ የምትጋግር ከሆነ ሊጡም የራሱ ሰዓት አለው። ሁለት ሦስት ቀን ቦክቶ፣ አብሲት ተጥሎበት ኩፍ ሲል «ነገ» አይባልም። ምጣዱ የኤሌክትሪክ ነውና የዚያን ዕለት ማታ መብራት ከጠፋ ሊጡ እየኮመጠጠ እርሷም ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ሰፈር ደግሞ የቧንቧው ድምፅ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ተነሥታ በርሜሉንና ጀሪካኖቹን ትሞላለች፤ ተመልሳ ጋደም ስትል የመነሻዋ ሰዓት ደርሷል።

በዚህ ላይ ልቅሶ አለ፣ የእድር ተራ አለ፣ አራስ ጥየቃ አለ። ረቡዕ የእህቶች ጸሎት፣ ዓርብ የቤት ኅብረት፣ ቅዳሜ የመዘምራን ልምምድ፣ እሑድ አምልኮ አለ። በዓይን የማይታይ ሌላ ሥራም አለ፤ እርሱም ማሰብ ነው። የክትባቱን ቀን የምታስታውሰው፣ ዘይቱ ማለቁን የምታውቀው፣ የትምህርት ቤቱን ክፍያ የምትቆጥረው፣ የአማቷን መድኃኒት የምታስበው እርሷ ናት። እጇን የሚያግዝ ሰው ብታገኝ እንኳ በሐሳብ የሚያግዛት ላይኖር ይችላል።

በውጭ አገር የሚኖሩ እህቶቻችንም በሌላ መልኩ ይኸው ነው ኑሯቸው። በአሜሪካ ሌሊቱን አረጋውያንን ሲንከባከቡ አድረው ጠዋት ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚያደርሱ እናቶች እናውቃለን። በእነርሱ ዘንድ ውሃም መብራትም አይቋረጥም፤ ነገር ግን ልጅ የምትይዝ ጎረቤትና አክስት በአጠገባቸው የለችም። በዓረብ አገር ያሉት ደግሞ የሰው ልጅ ሲያሳድጉ ውለው የገዛ ልጃቸውን ድምፅ በስልክ ሰምተው ይተኛሉ። የእነርሱ ድካም ናፍቆት የተጨመረበት ድካም ነው።

ወረቀቱ

በአንድ ወቅት አንዲት እህት መጣችልን። ታሪኳን እንድንጽፍ ፈቅዳልናለች፤ ማንነቷ እንዳይታወቅም ጥቂት ነገር ቀይረናል። «ልጄን በማማሰያ መታሁት» አለች። አምስት ዓመቱ ነው። ሌሊት ተነሥታ የቀዳችውን ውሃ ሲጫወት ደፍቶባታል። «መምታቴ ብቻ አይደለም ያመጣኝ። በማግስቱ ፀጉሩን ላበጥርለት እጄን ሳነሣ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ፓስተር፣ ይሄ እኔ አይደለሁም። የያዘኝ ነገር አለ።»

ስለ እንቅልፏ ጠየቅናት። ከሁለት ዓመት ወዲህ ከአራት ሰዓት በላይ የተኛችበትን ሌሊት እንደማታስታውስ ነገረችን። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥተን ከንጋት እስከ ሌሊት የምትሠራውን ሁሉ እንድትጽፍ ለመንናት። የወረቀቱን ፊትም ጀርባም ሞላችው። ለራሷ የሆነ ነገር ካለ ደግሞ ለይታ እንድትጽፍ ስንጠይቃት ብዙ አሰበችና አንድ መስመር ጻፈች፦ ታክሲ ውስጥ የጥግ ወንበር ካገኘሁ እተኛለሁ።

ሁለት ነገር ነገርናት። የመጀመሪያው፣ ልጁን መምታቷ በእግዚአብሔር ፊት ልክ አለመሆኑንና ልጁን ራሱን ዝቅ ብላ ይቅርታ መጠየቅ እንዳለባት ነው። ሁለተኛው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተኛ ሥጋ እንደሚነጫነጭ፣ ይህም ጋኔን እንዳልሆነ ነው። ኃጢአትን ድካም ብሎ መጥራት ሰውን በኃጢአቱ ያስቀረዋል። ድካምን ኃጢአት ብሎ መጥራት ደግሞ በደከመው ላይ ሌላ ሸክም ይጭናል። ሁለቱንም በየስማቸው ጠርተን ጸለይን።

ከዚያ በፈቃዷ ባሏን ጠራነው። መልካም ወንድም ነው፤ በወንጌል ሥርጭት ቡድን ውስጥ በትጋት ያገለግላል። በሳምንት አራት ምሽት ከቤት ውጭ ነበር። ወረቀቱን ሰጠነው። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አነበበው፤ ከዚያም ቀና ብሎ «ውሃው ሌሊት እንደሚመጣ አላውቅም ነበር» አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ሲነሣ በርሜሉ ሞልቶ ያገኘው ነበር።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ የውሃውን ሌሊት እርሱ ወሰደው። ልጆቹን አጥቦ ማስተኛቱንም ጨመረ። ከቡድኑ መሪ ጋር ተነጋግሮ የአገልግሎት ምሽቱን ወደ ሁለት ቀነሰ፤ እርሷም ከመዘምራን አንድ ዓመት አረፈች። ልጇንም ቁጭ ብላ ይቅርታ ጠየቀችው። ከጥቂት ወራት በኋላ ስንጠይቃት «አሁንም ይደክመኛል፤ የቤት ኪራዩም አልቀነሰም። ግን አብዛኛውን ሌሊት ስድስት ሰዓት እተኛለሁ። አሁንም እቆጣለሁ፤ ከመቆጣቴ በፊት ግን ትንሽ ማሰቢያ ጊዜ አገኘሁ» አለችን። ያቺን ትንሽ ጊዜ እኛ ከጸሎት መልሶች አንዷ አድርገን ቆጥረናታል።

ሥጋችንን የሠራው እርሱ ነው

እግዚአብሔር ሰውን ሲፈጥር አደጋ ሲመጣ የሚነቃ አካል ሰጥቶታል። ሰው ሲደነግጥ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች በደሙ ውስጥ ይጨምራሉ፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ሰውየው ለመሮጥ ወይም ለመታገል ይዘጋጃል። አደጋው ሲያልፍ አካል ወደ ዕረፍቱ ይመለሳል። ይህ መልካም ስጦታ ነው። ችግሩ የሚመጣው አደጋው ሳያልፍ ሲቀር ነው። ጅብ ቢሆን መጥቶ ይሄዳል። የታክሲ ሰልፍ፣ የኪራይ ቀን፣ የሚያለቅስ ሕፃንና የአለቃ ቁጣ ግን በየቀኑ ይመላለሳሉ። አካልም እንደ ተወጠረ ይቀራል። ራስ ምታት፣ የጨጓራ ሕመም፣ የወገብና የትከሻ ሕመም፣ መርሳት፣ በትንሽ ነገር መቆጣት ይከተላሉ። እንቅልፍ ሲጎድል ደግሞ ስሜትን የመግዛት አቅም ይቀንሳል። ይህ ባመኑትም ባላመኑትም ላይ እኩል ይሠራል።

ታዲያ እንቅልፍ ያጣችን እናት «ራስን መግዛት የመንፈስ ፍሬ ነው፣ በርቺ» ብቻ ብሎ መሸኘት የተራበን ሰው በባዶ ሆዱ እንደ መሸኘት ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ የተራበውን በመልካም ቃል ብቻ ስለሚሸኙ ሰዎች የተናገረውን እናስታውስ።

ኤልያስ መጀመሪያ ተኛ

በ1ኛ ነገሥት 19 ላይ ያለውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ላይ ታላቅ ድል አይቷል፤ እሳት ከሰማይ ወርዷል፤ ከዚያም በአክዓብ ፊት ረጅም መንገድ ሮጧል። ወዲያው የኤልዛቤል ዛቻ ደረሰው። ወደ ምድረ በዳ ገባና ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ለመነ። ትናንት እሳት ያወረደ ነቢይ ዛሬ መኖር ሰለቸው።

እግዚአብሔር ምን እንዳደረገ በቅደም ተከተል እንመልከት። አልገሠጸውም። የእምነት ትምህርትም አልሰጠውም። መጀመሪያ እንዲተኛ ተወው። ከዚያ መልአኩ ዳሰሰውና እንዲበላ ነገረው። በራስጌው የተጋገረ እንጎቻና ውሃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀሰቀሰው፤ መንገዱ ሩቅ መሆኑንም ነገረው። ሁለተኛ በላ። እግዚአብሔር ኤልያስን እዚህ ምን እንደሚያደርግ የጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው። ያቺ ዝግ ያለች ድምፅም የመጣችው ያን ጊዜ ነው። እንቅልፍና ምግብ ቀደሙ፤ ጥያቄውና ትእዛዙ ተከተሉ።

እንጎቻ ምን እንደሆነ የማያውቅ የአገራችን ልጅ የለም። እናት ጋግራ ስትጨርስ በተረፈው ሊጥ ለልጆቿ የምታወጣት ትንሽ እንጀራ ናት። አስቡት እስቲ፤ ለሌሎች እንጎቻ ስትጋግር የኖረችን እናት ማን ጋግሮላት ያውቃል? በብዙ ቤት እናት የምትበላው ሁሉም ከበላ በኋላ፣ ቆማ፣ ከትሪው ጥግ ላይ የቀረውን ነው። ኤልያስን ያበላ አምላክ የእርሷንም ረሃብ ያያል። ዛሬ መልአኩ እኛ ልንሆን እንችላለን።

ማርታን አንበድላት

ስለ እናቶች ሥራ በስብከት ሲነሣ ቶሎ የሚጠቀሰው ሉቃስ 10 ላይ ያለው የማርታና የማርያም ታሪክ ነው። ብዙ እህቶች ይህን ስብከት ሰምተው ወደ ቤታቸው የሚሄዱት በወቀሳ ነው፤ ምግብ ሳይበስል ግን ያው ሰባኪ ምሳ አይበላም። እስቲ ቃሉን በጥንቃቄ እናንብበው። ጌታ ማርታን የነገራት በብዙ ነገር መጨነቋንና መታወኳን ነው። ምግብ መሥራቷን አልነቀፈም። ስሟን ሁለት ጊዜ መጥራቱም የወዳጅነት እንጂ የንቀት አጠራር አይደለም።

ታሪኳም እዚያ አያበቃም። ዮሐንስ 11 ጌታ ማርታን ይወዳት እንደነበር ሲጽፍ ስሟን አስቀድሞ ነው። ወንድሟ አልዓዛር በሞተ ጊዜ ጌታን በመንገድ ላይ ተቀብላ እርሱ ክርስቶስ፣ የእግዚአብሔር ልጅ መሆኑን የመሰከረችው እርሷ ናት። በዮሐንስ 12 ላይ በቢታንያ እራት ሲደረግ ማርታ እንደገና ታገለግላለች፤ በዚያን ጊዜ ግን የሚገሥጻት የለም። ሥራዋ ያው ነው፤ ልቧ ግን አርፏል። ስለዚህ ለእናቶች የምንለው «ምጣዱን ጥለሽ ነይ» አይደለም። የምንለው ይህ ነው፦ ጌታ በምጣዱ አጠገብም አለ፤ ደግሞም ከሚሠራው ብዙ ነገር ውስጥ ዛሬ የግድ ያልሆነውን መተው ይቻላል። እንግዳ ሲመጣ አምስት ዓይነት ወጥ ያልቀረበበት ቤት አልተዋረደም። ሽሮ ቀርቦ ጨዋታና ጸሎት ከሞላ እንግዳው ጠግቧል።

በምሳሌ 31 ያለችው ሴትም እንዲሁ በብዙ እናቶች ላይ እንደ ሸክም ተጭናለች። ያ ክፍል ከቁጥር 10 እስከ 31 በዕብራይስጥ ፊደላት ቅደም ተከተል የተጻፈ ምስጋና ነው። የአንድ ሴት የዕድሜ ዘመን ፍሬ የተዘረዘረበት ነውና የአንድ ቀን የሥራ ዝርዝር አድርገን አናንብበው። ቁጥር 15 ላይ ገረዶች እንዳሏትም ልብ እንበል፤ ብቻዋን አልነበረችም። ቁጥር 28 ላይ ደግሞ ልጆቿና ባሏ ተነሥተው ያመሰግኗታል። የእርሷን ትጋት ከሚስቱ የሚጠብቅ ባል ምስጋናውንም ከራሱ ይጠበቅበታል።

ሃምሳ ሎሚ

በዘጸአት 18 ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አየው። ዮቶር ሙሴን ሰነፍ ወይም እምነተ ጎደሎ አላለውም። አሠራሩ መልካም እንዳልሆነ፣ ሸክሙ ለአንድ ሰው እንደሚከብድ፣ እርሱም ሕዝቡም እንደሚዝሉ ነገረው። መፍትሔውም የሺህ፣ የመቶ፣ የሃምሳና የአሥር አለቆችን መሾም ነበር። አባቶቻችንም «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ።

ወንድሞች፣ እዚህ ላይ እንነጋገር። ኤፌሶን 5 ባል ሚስቱን እንደ ገዛ ሥጋው እንዲወድ፣ እንዲመግብና እንዲንከባከብ ያዛል። ማንም ሰው የገዛ እግሩ እየደማ «እኔ አገልግሎት ላይ ነኝ» ብሎ አያልፈውም። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለምትወልድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን የወሊድ ፈቃድ ይሰጣል፤ ለአባት የሚሰጠው 3 ቀን ነው። መንግሥት ሦስት ቀን ሰጠ ማለት አባትነት በአራተኛው ቀን ያበቃል ማለት አይደለም። «ሚስቴን አግዛታለሁ» የሚል ወንድም ስንሰማ ደስ ይለናል፤ ቢሆንም ቤቱ የእርሱም ነው፣ ልጆቹም ልጆቹ ናቸው። ከማገዝ አልፎ አንዱን ሥራ ሙሉ በሙሉ ይውሰድ። ማሰቡንም ጭምር ይውሰድ። የክትባቱ ቀን የእርሱ ኃላፊነት ከሆነ ቀኑን እርሷ ልታስታውሰው አይገባም።

ባል የሌላችሁ፣ ባላችሁ የሞተባችሁ ወይም ሩቅ አገር ያለባችሁ እህቶች፣ ይህን ስታነቡ ልባችሁ እንደሚያዝን እናውቃለን። ለእናንተ መልስ መሆን ያለባት ቤተ ክርስቲያን ናት። ይህ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አንዲት እናት ስትወልድ ገንፎና አጥሚት ይዞ የሚመጣው ጎረቤት ነው፤ ሕፃኑን የሚያጥበው፣ ቤቱን የሚጠርገው ዘመድ ነው። ልቅሶ ሲሆን እድሩ ምግብ ይዞ ይደርሳል። እንግዲህ ይህን መልካም ልማድ በአራስነትና በሐዘን ጊዜ ብቻ ለምን እንወስነዋለን? የቤት ኅብረት በወር አንድ ጊዜ ጥናቱን አሳጥሮ የአንዲት እናትን ልብስ ቢያጥብ፣ ወጣቶች ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቿን ይዘው ቢያጫውቱና እርሷ ሦስት ሰዓት ብትተኛ፣ በእግዚአብሔር ፊት ይህም አምልኮ ነው ብለን እናምናለን። ሽማግሌዎች አዲስ መርሐ ግብር ስታወጡ «ይህ ለሦስት ልጆች እናት ስንት ምሽት ይሆንባታል?» ብላችሁ ጠይቁ።

አጭር ጸሎትም ጸሎት ነው

ብዙ እናቶችን የሚያስጨንቃቸው የጥሞና ጊዜ ማጣታቸው ነው። ሳያገቡ በፊት ማለዳ አንድ ሰዓት ይጸልዩ ነበር፤ አሁን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሕፃኑ ያለቅሳል። እህታችን ሆይ፣ እግዚአብሔር አንቺ ያለሽበትን ወቅት ያውቃል። ነህምያ 2 ላይ ንጉሥ አርጤክስስ ነህምያን ጠየቀው፤ ነህምያም መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ። ያ ጸሎት ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም ነበር፤ ግን ተሰማ።

የጆንና የቻርልስ ዌስሊ እናት ሱዛና ዌስሊ በእንግሊዝ አገር 19 ልጆች ወልዳለች፤ ብዙዎቹም በሕፃንነታቸው ሞተውባታል። ባሏ አገልጋይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1705 በዕዳ ምክንያት ታስሯል። እንደሚነገረው በዚያ ልጅ በሞላበት ቤት መጸለይ ስትፈልግ ሽርጧን ከራሷ በላይ ታጠልቅ ነበር፤ ልጆቿም እናታቸው ከጌታ ጋር እየተነጋገረች መሆኑን ያውቁ ነበር። በሳምንቱ ውስጥ ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር ለብቻ የምትነጋገርበት ምሽት እንደነበራትም በደብዳቤዋ ጽፋለች። የጸሎት ክፍል አልነበራትም፤ የነበራት ሽርጥ ነበር።

ስለዚህ በትንሹ ጀምሪ። ለሳምንቱ አንድ አጭር መዝሙር ምረጪ። መዝሙር 117 ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፤ መዝሙር 131 ሦስት ቁጥር ነው። ይህኛው በተለይ የእናቶች ነው፤ ዳዊት ነፍሱን በእናቱ ዘንድ ካለ ጡት የጣለ ሕፃን ጋር ያመሳስላታል። በወረቀት ጽፈሽ ከምድጃው በላይ ለጥፊው። ምጣዱ እስኪግል አንብቢው። ታክሲ ውስጥ ወንበር ካገኘሽ ግን ተኚ፤ አትጨነቂ። መዝሙር 127 እግዚአብሔር ለሚወዳቸው እንቅልፍን እንደሚሰጥ ይነግረናል። መዝሙር 121 ደግሞ ጠባቂያችን ራሱ እንደማያንቀላፋ ይነግረናል። እርሱ ስለማይተኛ እኛ መተኛት እንችላለን።

ከድካም ሲያልፍ

አንድ ነገር ሳንል ብንቀር ደስ አይለንም። አንዳንድ ጊዜ ነገሩ ከድካም ያልፋል። ዕረፍት አግኝታም እንቅልፍ እንቢ የሚላት፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ሐዘኑ የማይለቃት፣ የምትወደው ነገር ሁሉ የሚያስጠላት፣ ልጇን ማቀፍ የሚከብዳት እናት ልትታመም ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ ከወለዱ እናቶች 13 በመቶ ገደማ፣ በታዳጊ አገሮች ደግሞ ወደ 20 በመቶ የሚጠጉት ከወሊድ በኋላ በአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይም በድባቴ ይታመማሉ። በአንድ የቤት ኅብረት ውስጥ አምስት አራሶች ቢኖሩ አንዷ ልትሆን ትችላለች ማለት ነው። ይህ በሽታ ሕክምና አለው። የወባ መድኃኒት የምትወስድ እህት እምነት ጎደላት አንልም፤ የድባቴ መድኃኒት የምትወስደውንም አንበል። ሐኪምም መድኃኒትም ከእግዚአብሔር የተሰጡ ናቸው። ራሷን ወይም ልጇን የመጉዳት ሐሳብ እንዳለባት የምትናገር እናት ካለች ያን ሌሊት ብቻዋን አትተዋት፤ አብራችኋት ሆናችሁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዷት። በመንገድ ላይ ጸልዩላት፤ ከሆስፒታል ስትመለስም አትራቋት።

ጌታን ገና ላልተቀበልሽ

ይህን ጽሑፍ የምታነቢ፣ ነገር ግን ከየትኛውም ጉባኤ ጋር ያልሆንሽ እናት ብትኖሪ፣ ለአንቺም የምንለው አለ። ኢየሱስን እንደ ሌላ ሥራ፣ ሌላ ግዴታ፣ ሌላ የሳምንት መርሐ ግብር አድርጎ የነገረሽ ሰው ይኖር ይሆናል። እርሱ ግን በማቴዎስ 11 መጨረሻ ላይ የሚጠራው የደከሙትንና ሸክም የከበደባቸውን ነው፤ የሚሰጣቸውም ዕረፍት ነው። ብርቱ ከሆንሽ በኋላ ነይ አላለሽም። እርሱ ራሱ ድካምን ያውቀዋል። በማርቆስ 4 ላይ ማዕበል በሚንጠው ታንኳ ውስጥ ትራስ ተንተርሶ ተኝቶ ነበር። የተኛው ደክሞት ነው። በመስቀል ላይ የተሸከመው ደግሞ ማናችንም ልንሸከመው የማንችለውን፣ የኃጢአታችንን ዕዳ ነው። ወደ እርሱ ለመምጣት ረጅም ጸሎት አያስፈልግም። «ጌታ ሆይ፣ ደክሞኛል፤ ተቀበለኝ» ማለት ይበቃል።

በዚህ ሳምንት

እናት ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ወረቀት አውጪና ቀንሽን ጻፊ። ከዝርዝሩ አንድ ነገር ለሌላ ሰው ስጪ፤ አንድ ነገር ደግሞ ተዪ። ባል ሆይ፣ ወረቀቱን ለምናትና አንብብ፤ ክርክር ሳታነሣ አንዱን ሥራ ውሰድ። የኅብረት መሪ ሆይ፣ ከኅብረትህ እናቶች መካከል ዝም ያለችው ማን እንደሆነች አስብና ከባለቤትህ ጋር ሄዳችሁ ጠይቋት፤ ስትሄዱም እንጀራ ይዛችሁ ሂዱ።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ በዚህች ሰዓት ደክሟት ቆማ ያለችውን እናት ታያታለህ። ለሥጋዋ እንቅልፍን፣ ለልቧ ሰላምን ስጣት። በቁጣዋ ያዘነችበትን ይቅር በላት፤ በእርሷና በልጆቿ መካከል የተጎዳውን ጠግን። ለባሏ የሚያይ ዓይን ስጠው፤ ባል ለሌላት አንተ ጠባቂ ሁናት። እኛንም ለኤልያስ እንደ ላክኸው መልአክ እንጎቻና ውሃ ይዘን የምንደርስ ሕዝብ አድርገን። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።